የልጅን አክታ ቤቱ ወስዶ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ማድረስ

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ልጅ አክታው በየጊዜው ይመረመራል። ከከባድ የሳንባ ምች ወይም ከቲቢ በኋላ የአየር ቧንቧው ሰፍቶ የቀረ (ሐኪሞች ብሮንካይኤክታሲስ የሚሉት)፣ እርጥብ ሳል ከ4 ሳምንት በላይ አልለቅ ያለው፣ ከኤችአይቪ ጋር እየኖረ ሳንባው የተጎዳ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ሳንባው ውስጥ የሰፈረው ጀርም የትኛው እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ነው። ለዚህ የሚበቃው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል አክታ ነው። ለእሱ ሲባል ልጁን ከደቅ ደሴት ወይም ከቁንዝላ በጀልባ አምጥቶ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከሚያስሉ ሰዎች መሐል ማስቀመጥ ሁልጊዜ ግድ አይደለም። ቤት ተወስዶ በሥርዓቱ የተላከ ናሙና ይሠራል። ያለ ሥርዓቱ የተላከ ግን ካለመላኩ ይብሳል፤ የተሳሳተ ውጤት ይዞ ይመለሳልና።

ይህ መመሪያ ለወላጆችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነው። ምርመራውን የሚያዘው ሐኪም ነው። መጠየቂያ ወረቀት የሌለውን አክታ ላቦራቶሪ አይቀበልም።

መጀመሪያ መንገዱ፣ ከዚያ ሳሉ

ሥራው የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። ላቦራቶሪው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቀበል ይጠየቃል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ልጁ የሚያስልበት ሰዓት ይወሰናል። ለተራ የባክቴሪያ ካልቸር (ጀርሙን ማብቀያ ላይ አብቅሎ ለመለየት) የሚላክ አክታ ያለ በረዶ ከሆነ በ2 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ከቆየ እስከ 24 ሰዓት ይታገሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከአክታው ጋር የወጣው የአፍ ባክቴሪያ ሙቀት ሲያገኝ ይራባል፣ እንደ ኒሞኮከስና ሂሞፊለስ ያሉት የሳንባ ጀርሞች ደግሞ ስስ ስለሆኑ ቶሎ ይሞታሉ። ሱዶሞናስ የሚባለው ጀርም ግን ችሎ ይቆያል። ስለዚህ የዘገየ ናሙና የሚናገረው ማን መንገዱን እንደቻለ እንጂ ልጁን ማን እንዳሳመመው አይደለም።

ለቲቢ በጂን ኤክስፐርት የሚመረመር አክታ ትዕግሥተኛ ነው። መሣሪያው የሚፈልገው የጀርሙን ዘረመል ስለሆነ እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት 3 ቀን ቢቆይም ይሠራል፤ ቢቀዘቅዝ ግን ይመረጣል። ሐኪሙ ሁለቱንም ካዘዘ በጥብቁ፣ ማለትም በካልቸሩ ሰዓት ይሠራል። የታዘዘው የጂን ኤክስፐርት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከተማ ድረስ ከመላክ በፊት በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። መሣሪያው እዚያው ሊኖር ይችላል፣ ካልሆነም የቲቢ ናሙና ከጤና ተቋማት በፖስታ አገልግሎት የሚላክበት አሠራር አለ።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አሉ። ወደ የትኛው እንደሚላክ የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው። ከመላኩ በፊት በስልክ አራት ነገር ይጠየቃል፦ የልጅ አክታ ካልቸር በዚህ ሳምንት እየተሠራ ነው ወይ (ማብቀያው ያልቃል)፣ ከቤት የመጣ ናሙና ትቀበላላችሁ ወይ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ዕቃውን እናንተ ትሰጣላችሁ ወይ።

አሁን መንገዱ። ከዘጌ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን ጀልባው እስኪሞላ መጠበቁ፣ ከወደቡ በባጃጅ መሄዱና መስኮት ላይ መሰለፉ ሲደመር 2 ሰዓቷ ታልፋለች። ስለዚህ ከዘጌም ቢሆን በረዶ ያስፈልጋል። ከደቅ ያለ በረዶ ካልቸር መላክ አይሞከር። ከሐሙሲት ወይም ከመሸንቲ በመኪና ለሚመጣም የሚኒባሱ መሙያ ጊዜ ይታሰብ። ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚያነሳና ስለሚናወጥ የጠዋቱ ጀልባ ይመረጣል፤ ጀልባ ነጂዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቀኑ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልቸር ከገባ በኋላ በየቀኑ የሚያየው ሰው ይፈልጋል፤ ዓርብ ከሰዓት የደረሰ ናሙና ቅዳሜና እሑድን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል። የጥምቀት፣ የመስቀልና የፋሲካ ሰሞን ይዘለል። በጥምቀት ዋዜማ ታቦት ሲወርድ መንገዱም ይዘጋል።

አንቲባዮቲክ አዲስ ሊጀመር ከሆነ ናሙናው ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይወሰድ። የጀመረ ልጅ ከሆነ መድኃኒቱን ለናሙና ብላችሁ አታቋርጡ። ስሙና የመጨረሻው የተወሰደበት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚዋጥ አዚትሮማይሲንም ሆነ በየቀኑ የሚሰጥ ኮትሪሞክሳዞል አንቲባዮቲክ ነውና አይረሳ፤ ቤተሰብ «የቆየ ነው» ብሎ የሚዘለው እሱን ነው።

የሚዘጋጀው ዕቃ

አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ በመጠምዘዝ የሚዘጋ፣ ንጹሕነቱ የተጠበቀ የአክታ ዕቃ ሁለት። አንዱ መጠባበቂያ ነው። የማር ወይም የሽሮፕ ጠርሙስ ተቀቅሎም ቢሆን አይሆንም፤ ክዳኑ ያፈሳል፣ የመድኃኒት ርዝራዥም ጀርሙን ይገድላል። ከዚህ ሌላ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ውሃ የማያስለቅቀው ማርከር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ጥጥ ወይም ሶፍት፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ፣ ሁለተኛ ጠንካራ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ አይስ ቦክስና የበረዶ ጥቅሎች ያዙ። የክትባት መያዣ ሳጥን ክትባት በሚሄድበት ቀንም ሆነ በሌላ ቀን ለአክታ አይዋል። ለናሙና የሆነው ለብቻው ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ።

መጠኑን በዓይን መገመት ያስቸግራል። ሁለተኛውን ዕቃ መጠባበቂያነቱን ሳትነኩ፣ ተመሳሳይ የሆነ አሮጌ ዕቃ ውስጥ በሲሪንጅ 3 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩና ከአዲሱ ጎን አስቀምጡት፤ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በአዲሱ ዕቃ ላይ ከውጭ በማርከር አስምሩ። አዲሱ ውስጥ ውሃ አይገባም። የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ነው። ለጂን ኤክስፐርት 1 ሚሊ ሊትርም ይበቃል።

የማይሞከርበት ቀን

ልጁ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ የሚተነፍስ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ መጠጣት ያቃተው፣ የሚጥለው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ ከሆነ ናሙናው ይቅርና ልጁ ራሱ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በጣት የሚለካ የኦክስጅን መለኪያ ካለ ከ90 በመቶ በታች ንባብም እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የደህና ልጅ ንባብም ከቆላው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የልጁን የዘወትር ቁጥር በደህናው ቀን ጽፎ መያዝ ይጠቅማል።

መትፋት የሚችለው ልጅ

አብዛኞቹ ልጆች ከ6 ወይም 7 ዓመት ጀምሮ ከታዘዙ ይተፋሉ። የበለጸገው አክታ የጠዋቱ ነው፤ ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረ ነው። ማታ ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ይሠራ። ጠበል የሚጠጣ ልጅ ከሆነ ናሙናው ከጠበሉ ይቅደም፤ ጠጥቶ ካስመለሰው የሚወጣው የሆድ እንጂ የሳንባ አይደለም። ሊቆርብ የተዘጋጀ ልጅ አፉን በውሃ መጉመጥመጥ ስለማይፈልግ ቀኑን መለወጥ ይሻላል፤ ጠዋት ላይ ከእናቱ ጋር ከመከራከር ማታ ጠይቆ ማወቅ።

ቦታው ውጭ ነው። ነፋስ የሚያገኘው አጥር ግቢ፣ ከጭሱ ከማድ ቤት ራቅ ብሎ፣ ታናናሾቹ በሌሉበት። የሚረዳው ሰው መሸፈኛ አድርጎ ከልጁ ጎን ወይም ከኋላ ይቁም፤ ፊት ለፊት አይቁም። ቲቢ የተጠረጠረ ከሆነ ይህ የግድ ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ ማስሳል ለቤተሰቡ በሽታ ማደል ነው።

ሐኪሙ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧን የሚከፍት፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ያዘዘለት ልጅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ በታዘዘው መጠን ይውሰድ። ስፔሰር (መድኃኒቱ ከመሳቡ በፊት የሚነፋበት ባዶ ዕቃ) ከሌለ ባለ 500 ሚሊ ሊትር ሃይላንድ ታችኛው ላይ በመድኃኒት መንፊያው (በፓፉ) አፍ ልክ ተበስቶ ይሠራል። ቀዳዳው ሰፍቶ አየር የሚያስወጣ ከሆነ መድኃኒቱ ውጭ ይቀራል።

ከዚያ አክታውን ማንቀሳቀስ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በአፍንጫው በዝግታ ይሳብ፣ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይያዝ፣ በአፉ ያውጣ፤ እንዲህ ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ መስታወት በትንፋሽ ለማደብዘዝ እንደሚሞክር አፉን ከፍቶ «ሃህ» እያለ ሁለት ጊዜ ይግፋ። ጉሮሮው ጋ ሲንኮራኮር ከተሰማ አክታው ቀርቧል፤ ያኔ ከሆዱ ያስል። ካልተሰማ ዙሩ ይደገም። ለትናንሾች አረፋ መንፋት ይረዳል፦ አንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ውሃ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሞላል፣ የጣት ያህል ወፈር ያለ ንጹሕ ቱቦ እስከ ታች ይገባል፣ ልጁ በቱቦው እየነፋ ውሃውን ያፍለቀልቃል። የጠርሙሱ አፍ ክፍት ይሁን። ልጁ ውሃውን እንዳይስብ ተጠባበቁ። ቀጭን የለስላሳ ስትሮ በጣም ስለሚያስጨንቅ አይሆንም። አሥር ጊዜ ነፍቶ ሁለት «ሃህ»፤ አራት ዙር ይበቃል። ውሃው ወዲያው ይደፋ፣ ጠርሙሱና ቱቦው ታጥበው ይድረቁ። ያደረ ውሃ ሱዶሞናስ ያፈራል፤ ከዚያ ውጤቱ ላይ የልጁ ነው ወይስ የጠርሙሱ ነው የሚል ጥያቄ ይመጣል። ኔቡላይዘር (መድኃኒትን ወደ ጭጋግ የሚለውጥ መሣሪያ) ያለው ቤትም እቃውን አጥቦ 5 ደቂቃ ቀቅሎ ካላደረቀ ችግሩ አንድ ነው።

በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ማጠንን ተዉት። የፈላ ማሰሮ ልጅ ያቃጥላል፣ ሽታውም ጠባብ ደረት ያለውን ልጅ ያሳፍናል። በኔቡላይዘር የሚሰጥ ጨው የበዛበት ውሃ አክታ ያወጣል፤ ግን ቧንቧውን ሊያጠብ ስለሚችል ሐኪም ለቤት ካላዘዘው በስተቀር የጤና ተቋም ሥራ ነው።

አክታው ሲቀርብ አፉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት ጊዜ ተጉመጥምጦ ይትፋ። የጣና ውሃም ሆነ የቧንቧ ውሃ ለዚህ አይመረጥም፤ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ከቲቢ ጋር የሚዛመዱ ባክቴሪያዎች ስላሉ የቲቢን ካልቸር ያደናግራሉ። ክዳኑ የሚከፈተው አሁን ነው። ክዳኑን በእጅ ያዙት፣ ወደ ታች አትድፉት፣ የውስጡን አትንኩ። ልጁ ዕቃውን ከታችኛው ከንፈሩ አስጠግቶ ይትፋ። ቢያንስ 2 ሚሊ ሊትር፣ ከተቻለ እስከ መስመሩ እስኪሞላ ይደጋገም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የወጣውን ማጠራቀም ይቻላል፣ የትናንትን ከዛሬ መቀላቀል ግን አይቻልም። ከ20 ደቂቃ ጥረት በኋላ ካልወጣ ይቁም። የደከመ ልጅ የሚሰጠው ምራቅ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜም ዕቃውን ሲያይ ያለቅሳል።

የማይተፋው ሕፃን

ሕፃን አክታውን ይውጠዋል። ስለዚህ ሁለት አማራጭ አለ፣ የሚያገለግሉትም ለተለያየ ነገር ነው።

ለተራ ባክቴሪያ የጉሮሮ ጥጥ ይወሰዳል። ይህ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ከምግብ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ይጠበቅ፣ አለበለዚያ ያስመልሳል። እናት ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንድ እጇን ግንባሩ ላይ፣ ሌላውን በሁለቱ ክንዶቹ ላይ ታድርግ። ምላሱ በእንጨት ዝቅ ይደረግ፤ ልጁ ሲያስል ጥጡ የጉሮሮውን ኋላ ይንካ። ምላስና ጉንጭ ከነካ ትርጉም የለውም። ጥጡ ወዲያው ወደ ማጓጓዣው ጄል ይገባል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥና ደረቅ ቱቦ አይተኩትም። ይህ ዘዴ ከአክታ ያነሰ ነው፤ ምንም አልተገኘም ማለት ሳንባው ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ለቲቢ ደግሞ ሰገራ ይላካል። የተዋጠው አክታ በዚያ ስለሚወጣ የዓለም ጤና ድርጅት በጂን ኤክስፐርት እንዲመረመር መክሯል፤ ከልጅ አፍንጫ በቱቦ የሆድ ፈሳሽ ከመሳብ ስንት ጊዜ ይቀላል። ፖፖው ላይ ንጹሕ ፌስታል ይነጠፍ፣ ሽንት እንዳይቀላቀል ቀድሞ ይሽና። ከመሬት የተነሳ ወይም በቅጠል የተጠረገ አይሆንም። በክዳኑ ማንኪያ ወይም በንጹሕ እንጨት የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ይወሰድ። ላቦራቶሪው የሚጠቀመው 1 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ዕቃውን ጢም አድርጎ መሙላት ለማፍሰስ ብቻ ነው የሚረዳው። ቀጭን ተቅማጥ ካለ አስቀድማችሁ ላቦራቶሪውን ጠይቁ።

ምራቅ ነው አክታ?

ብርሃን ላይ ያዙት። አክታ ይወፍራል፣ ይዝለገለጋል፣ ነጭ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነው። ምራቅ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ላዩ ላይ አረፋ ይኖረዋል። ላቦራቶሪው በማይክሮስኮፕ ሲያይ በአንድ እይታ ውስጥ ከ25 በላይ የአፍ ቆዳ ሴል ካገኘ ምራቅ ነው ብሎ ይጥለዋል። ያ ሁሉ መንገድ በከንቱ እንዳይሆን ክዳኑ ተዘግቶ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት ተደርጎ ፎቶ ተነሥቶ ለሚከታተለው ነርስ በቴሌግራም ይላክ። ስሙ የተጻፈበት ጎን በፎቶው አይታይ። ነርሱ «ይሂድ» ካለ ጀልባው ይያዝ።

ስሙ ላይ የሚጠፋ ናሙና

ጽሑፉ በዕቃው አካል ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይሆንም። ላቦራቶሪ ውስጥ ክዳኖች ተከፍተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የልጁ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ በዓመትና በወር፣ የናሙናው ዓይነት። ካርድ ቁጥሩ ወሳኝ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ተመሳሳይ ስም መምጣቱ ብርቅ አይደለም።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። «1፡30» ብሎ መተው አደጋ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1፡30 የሆነው በሌላው 7፡30 ነው፤ መዝጋቢው በሌላው ካሰበው ናሙናው ለሊት ላይ የተወሰደ ይመስለዋል ወይም ያረጀ ብሎ ይጥለዋል። «ከጠዋቱ 1፡30 በኢትዮጵያ» ተብሎ ይጻፍ፤ ቀኑም እንዲሁ። ፕላስተሩ ዕቃው ከመቀዝቀዙ በፊት ይለጠፍ፣ እርጥብ ላይ አይይዝም። የልጁ የኤችአይቪ ሁኔታ የሚጠቀስበት ወረቀት በታሸገ ፖስታ ይሁን። ባጃጅ ነጂውና ጀልባ ነጂው ማወቅ አያስፈልጋቸውም።

ማሸግ

ሦስት ድርብ ነው። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ዙሪያው በፕላስተር ይታሰር፤ ዕቃው በጥጥ ተጠቅልሎ ዚፕ ባለው ላስቲክ ይግባ። ጥጡ ቢፈስ ሙሉውን የሚመጥ መሆን አለበት። ላስቲኩ ጠንካራው ዕቃ ውስጥ፣ እሱ ደግሞ አይስ ቦክስ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ወረቀቱ ከጠንካራው ዕቃ ውጭ፣ በራሱ ላስቲክ።

በረዶው ከፍሪዘር እንደወጣ ቀጥታ አይግባ። ናሙናውን በረዶ ያደርገዋል፣ ጀርሙም ይሞታል። ጥቅሉ ውጭ ተቀምጦ እስኪያልበውና ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ እስኪንቦጫቦጭ ይጠበቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ከክትባት ሥራ ያውቁታል። በናሙናውና በበረዶው መካከል ካርቶን ይደረግ። መብራት ከጠፋና በረዶ ከሌለ እርጥብ ጆንያ ጥቂት ዲግሪ ከመቀነስ አያልፍም፤ ካልቸሩን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው የሚሻለው። ጀልባ ላይ ሳጥኑ ከመቀመጫ ሥር ጥላ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ፀሐይ በሚመታው አፍንጫው ላይ አይጫን። አድራሹ ሰው አንድ ይሁን፣ ስልኩ ለላቦራቶሪውም ለቤተሰቡም ይሰጥ፤ «ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ» የተባለ ሳጥን መናኸሪያ ላይ ሲንከራተት ይውላል።

ቢፈስ

ጓንትና መሸፈኛ አድርጉ፣ በሶፍት ሸፍኑት። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ከእሱ አንድ እጅ፣ ከውሃ አራት እጅ ቀላቅላችሁ አፍስሱበትና 30 ደቂቃ ተዉት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ አንብቡ፣ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ውሃው ይቀንስ። በረኪናው በዕለቱ የተቀላቀለ ይሁን፤ ያደረው ኃይሉ ይወርዳል። ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። ውጪው አክታ የነካው ዕቃ በጨርቅ ተጠርጎ አይላክም። ናሙናው ይወገድ፣ መጠባበቂያው ዕቃ ለዚህ ነው የተያዘው።

ውጤቱ

አድራሹ የላቦራቶሪውን ቁጥርና የደረሰበትን ሰዓት ጽፎ ይመለስ። ጂን ኤክስፐርት መሣሪያው ላይ 2 ሰዓት አይሞላም። ካልቸር 2 ወይም 3 ቀን፣ የመድኃኒት ምላሹ ተጨማሪ ቀን ይወስዳል። የቲቢ ካልቸር እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። «የተለመደ የአፍ ባክቴሪያ» ከተባለና ልጁ ሳሉ ከባሰ ናሙናው ዘግይቶ ወይም ምራቅ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ደግሞ ያዝዛል። ናሙናው ውድቅ ከተደረገ ምክንያቱን በስልክ ጠይቃችሁ ጻፉት፦ አንሶ ነው፣ ፈሶ ነው፣ ስም የለውም፣ ሙቀት ነክቶታል። የሚቀጥለው ጀልባ ከመነሳቱ በፊት የሚስተካከለው ያ ነው።